መብራቴን አይተው ጻድቅ አሉኝ

ጻድቅ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ያውም ምንም ሳልሠራ፣ በመብራት ምክንያት። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ መጀመሪያ እኔም ስቄ ነበር። ሳቁ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ብቻ ታገሡኝ፤ ወሬ ስጀምር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ለምን እንደሆነም ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሰብለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዲላ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ከነቤተሰቡ ለወንድሜ ሆነና እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ገደብ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ። ገደብ ከዲላ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጓሮው እንሰት ላይ ሳይነሳ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ገበያ ይወጣል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና መተኛቴ ነው።

እንቅልፍና እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተስማምተን አናውቅም። ሰውነቴ ይደክማል፤ ጭንቅላቴ ግን ሰው ሁሉ ሲተኛ የገበያ ቀን ይሆንበታል። ሳጥኔን ላስተካክል ብዬ እነሳለሁ። ልብሱን በሙሉ አልጋው ላይ አወጣና ከሥሩ ኪሮሼን አገኛለሁ። ዳንቴል እጀምራለሁ። መሃል ላይ ስህተት አይና እፈታዋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና እፈታለሁ። ልብሱ እዚያው አልጋው ላይ ነው። እንዲህ ስል አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ወፎቹ መንጫጫት ሲጀምሩ እንቅልፍ ድንገት ይጥለኛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሜ መግባት አለብኝ። እገባለሁ ወይ? ኧረ የት! በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎልኛል፤ ሁለቱንም ወደ ገዛ ፋይሌ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ያንዱን ቦታ ረስቼዋለሁ።

እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሰው የማትተኚው?» ትለኝ ነበር። ራሴን የማውቀው ሰነፍ፣ ዝርክርክ፣ የጀመረችውን የማትጨርስ ሴት አድርጌ ነው።

የገደብ አከራዬ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢውን ከፋፍለው ያከራያሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ደግ፣ ግን ሁሉን የሚያዩ ሴትዮ ናቸው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ መብራቴ እንደበራ ነው። በገባሁ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ ጠጋ አሉኝ።

«ሰብልዬ፣ አየሁሽ እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን ስሆን አዩኝ?»

«ምንም አትበይ። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰግጂ አየሁሽ። ጥላሽ መጋረጃው ላይ ዝቅ ከፍ ሲል።»

«ኧረ እትዬ! ሳጥን ሳስተካክል ነው። ልብስ ሳወጣ።»

እትዬ አስካለ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። «የሚጾም የሚጸልይ ሰው መቼ ይናገራል? ይደብቀዋል እንጂ!»

በቃ፣ አለቀልኝ። በካድኩ ቁጥር ትሕትናዬ ይጨምራል። አርፍጄ ስወጣ «ሌሊቱን ስትተጋ አድራ ነው» ይባላል። ከሳምንት በኋላ እትዬ አስካለ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት በእጄ አስጨበጡኝ፤ የልጃቸው የክርስትና ስም ነው፣ በጸሎትሽ አስቢልኝ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጎረቤታቸው ላከች። ከዚያ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ። ወረቀቶቹን እያመሰገንኩ እቀበልና ሳላነባቸው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ለምን አላነብም ነበር? ካነበብኩ መጸለይ ሊኖርብኝ ነው። እኔ ደግሞ «አባታችን ሆይ»ን እንኳ ስጀምር ሐሳቤ መሃል ላይ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ አሜን ላይ አልደርስም። ስለዚህ ክዳኑን እዘጋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ መካዱን በኋላ ተውኩት። በዚያ ከተማ ዘመድ የለኝም። ሰው በፍቅር «እህታችን» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያላሰብኩት ነገር ግን መጣ። እንዳልረበሽ ተብሎ ማታ ማታ ቤቴ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ልጆቹ በሬ አጠገብ ሲደርሱ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በቀስታ ያልፋሉ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። መከበሬ ብቻዬን አስቀረኝ፣ ጉድ እኮ ነው።

እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ቤተል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከፊት ለፊቴ ባለው ክፍል ከእናቷ ከታደለች ጋር ትኖራለች። ታደለች ጌዴኦ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ገበያ ውስጥ ቆጮ ትሸጣለች፤ ባሏ ሞያሌ ይሠራል፣ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀሉባታል። እሷም «እህት ሰብለ፣ የጸሎት ርዕስ አለኝ» እያለች በቤተል እጅ ወረቀት ትልክ ነበር።

አንድ ቀን ቤተል ወረቀቱን ሰጥታኝ አልሄድ አለች። አንዴ በአንድ እግሯ፣ አንዴ በሌላው እየቆመች ታየኛለች።

«አንቺ አትጸልዪም» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«በመስኮት አይቼሻለሁ። ክር ነው የምትፈቺው።»

«አንቺስ ሌሊት ምን ትሠሪያለሽ ሳትተኚ?»

«እንቅልፍ እንቢ ይለኛል» አለችና ሮጠች። ለማንም አልተናገረችም።

ዋናው ነገር እንግዲህ እዚህ ይጀምራል። ቤተል ክፍል ውስጥ አትቀመጥም፣ ደብተር ትጥላለች፣ ሦስተኛ ክፍልን ደግማለች። ዘመድ «መንፈስ ነው» ይላል። ትምህርት ቤቱ የሐኪም ወረቀት ካላመጣች ከሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ አልቀበልም ብሏል። የጤና ጣቢያው ነርስ ለታደለች አንድ ወረቀት ጻፈላት። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ከሌላ ከተማ ወደ ዲላ ትመጣለች፤ ማክሰኞ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ምዝገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከገደብ እዚያ ለመድረስ አሥራ አንድ ሰዓት የሚወጣውን አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው።

ሰኞ ማታ ታደለች በሬ ላይ ቆመች፤ አልገባችም፣ ደፍ ላይ ነው የቆመችው።

«እህት ሰብለ፣ ስልኬ ተበላሽቷል» አለች። «እኔ ደግሞ ይህ ልጅ ሌሊት ሙሉ ይዞራል፣ አይተኛም፤ እሱ ሲተኛ እኔ እንደ ሬሳ ነኝ። አንቺ ነቅተሽ ነው የምታድሪው። አሥር ሰዓት ላይ በሬን ምቺልኝ።»

«እመታለሁ» አልኳት። «አታስቢ፣ ተኚ።»

«ጌታ ይባርክሽ» ብላ ሄደች።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለመተኛቴ ለሰው ሊጠቅም ነው። ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጫማዬን እንዳደረግኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። ሰባት ተኩል ላይ ለሁሉም አላርም ልሙላ ብዬ ስልኬን አነሳሁ። የወንድሜ ሚስት የልደት ፎቶ ልካለች። ፎቶው ላይ የእናቴ ጠረጴዛ ልብስ አለ። ያን ዳንቴል እንዴት እንደሠራችው ልይ ብዬ አተኩሬ አየሁት፣ ኪሮሼን አነሳሁ፣ ጀመርኩ። አላርሙ ቀረ። መሙላቴን እርግጠኛ ነበርኩ እኮ! ምናልባት ሐሳቡ ብቻ በቅቶኝ ይሆናል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰዓቴን አይቼ «ግማሽ ሰዓት ቀረ» ያልኩት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የነቃሁት በር ሲመታ ነው። በመስኮቴ ብርሃን ገብቷል። በሩን ስከፍት ቤተል የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳ ቆማለች።

«ተኝተሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። አውቶቡሱ ይርጋጨፌን ሳያልፍ አልቀረም። ግቢው መሃል ታደለች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወረቀቷን በፌስታል ይዛ ቆማለች፤ እትዬ አስካለም አጠገቧ ናቸው።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። በጮኸችብኝ! እሷ ግን ጭራሽ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ጌታ አልፈቀደም ማለት ነው» አለች። «አንቺን ጸሎት ላይ ካስቆየሽ፣ ይህ መንገድ የእሱ አይደለም። ይቅር።»

«ተመስጦ ይዟት ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ፤ የሚያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። «እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት አያውቅም። ያለ ምክንያት አይሆንም ታደለች፣ ሐኪሙ ይቅርብሽ፣ በጸሎቷ ትድናለች።»

ታደለች ፌስታሏን ማጣጠፍ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ዝም ብል ኖሮ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። እንዲያውም እከብር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ስል ኖሬያለሁ፣ አንድ ደቂቃ ብጨምርበት ምን ነበረበት? ግን ቤተል ከእናቷ ጀርባ ሆና ታየኛለች። አትነግርብኝም፤ ያንን አውቃለሁ።

«ተኝቼ ነው» አልኩ።

«ምን?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ተመስጦ አይደለም፤ ተኝቼ ነው። ሌሊት ጸልዬ አላውቅም። እንቅልፍ የለኝም፣ በሽታ ይሁን እርግማን አላውቅም፣ ቁጭ ብዬ ክር ስፈታ ነው የማድረው። ታደለች፣ እግዚአብሔር አልከለከለሽም። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። አላርም ሳልሞላ ቀርቼ ነው።»

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው፣ «ስሞቹስ?» አሉኝ። «የልጄ ስምስ?»

«ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንዱንም አንብቤ አላውቅም።»

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ሁሉ ነገር እሱ ነው የጎዳኝ።

«ታደለች፣ ተነሺ እንሂድ» አልኳት። «ብንዘገይም እንሂድ። እዚያ ጥፋቱን በእኔ ላይ አላክኪ።» የቤተልን እጅ ይዛ ወደ በሩ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ።

ያን መንገድ መቼም አልረሳውም። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ሰው እስኪሞላ ቆመን፣ ይርጋጨፌ ወርደን፣ ሌላ ተሳፍረን። ታደለች ወደ መስኮቱ ዞራ የቡናውን ማሳ ታያለች። ቤተል መሃላችን ተቀምጣ ስትቁነጠነጥ፣ የፊቱን ወንበር ስትመታ፣ ሾፌሩ ሲቆጣ ቆይታ ወናጎ ስንደርስ እንቅልፍ ጣላትና ትከሻዬ ላይ ተደፋች። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ጡሩምባ መሃል ድብን ብላ ተኛች። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ሥራ ቦታ ፋይል ላይ ተደፍቼ የተያዝኩበት ቀን ብዙ ነው። እናቷ ልጇ ትከሻዬ ላይ መተኛቷን አየች፣ ግን አላነሳቻትም።

ዲላ መናኸሪያ ወርደን በባጃጅ ሆስፒታሉ ስንደርስ ከአራት ሰዓት አልፏል። ተመዝጋቢ ሞልቷል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «የኔ እህት፣ ተዘግቷል አልኩ እኮ!» እያለች ወረቀቱን መለሰችልን። እኔ ያላልኩት የለም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ መተኛቴን፣ ሁሉን ተናገርኩ። በዚያች ቀን ብቻ በሕይወቴ ከተናዘዝኩት የበለጠ ተናዝዣለሁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ «እዚያ ጋ ተቀመጡ፤ ሰዓት ከተረፋት ሐኪሟ ታያችኋለች» አለችን።

ተቀመጥን። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ታደለች ከእኔ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትታ ነው የተቀመጠችው። ቤተል ኮሪደሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችው አላውቅም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሟ ቦርሳዋን እየያዘች አየችን። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ ድካሟ ከፊቷ ይነበባል። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ጥያቄዋን ለታደለች ነበር የምታቀርበው።

«የጀመረችውን ትጨርሳለች?» አይ፣ አልኩ በልቤ።

«ዕቃ ትጥላለች? ትረሳለች?» የደብዳቤዬን ፋይል አስታወስኩ።

«ሌሊትስ? ስንት ሰዓት ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት?»

«ወፍ ሲጮህ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሐኪሟ ዞር አለች። «እህቴ፣ ስለ ልጅቷ ነው የጠየቅኩት።»

«እሷም እንደኔ ናት» አለች ቤተል ከወንበሩ ላይ ብድግ ብላ። «አትተኛም። ክር ትፈታለች።»

ታደለች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አየችው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በቀላል አማርኛ አስረዳችን። ኤ ዲ ኤች ዲ ይባላል አለች፤ ትኩረትን የመያዝና ረግቶ የመቀመጥ ችግር ነው፣ አብሮን የሚወለድ ነው፣ ስንፍናም መንፈስም አይደለም። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ እንቅልፍ ይዘገይባቸዋል፤ ሰውነታቸው የማታውን ሰዓት ከሌላው ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፣ ሐሳባቸውም አልቆም ይላል። ያልተኛ ልጅ ደግሞ በነጋታው ትኩረቱ ይብስበታል፤ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። ለቤተል ወረቀቱን ጻፈች፣ የመኝታ ሥርዓት ነገረች፣ የክትትል ቀጠሮ ሰጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺን በአምስት ደቂቃ እንዲህ ነሽ ልልሽ አልችልም» አለችኝ። «ራስሽን ችለሽ መመርመር አለብሽ። ግን ዕድሜሽን ሙሉ ይህን ተሸክመሽ ከሆነ፣ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው።»

አለቀስኩ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሴን ስሰድብ የኖርኩበትን አለቀስኩት። ሰነፍ አይደለሁም እንዴ? ማን ነኝ ታዲያ?

ስንመለስ ጨልሟል። ይርጋጨፌ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ታደለች በጨለማው ውስጥ ማውራት ጀመረች።

«እኔ የተናደድኩት ስለተኛሽ አይደለም» አለች።

«ታዲያ በምን?»

«ይሄን ልጅ ይዤ ሌሊት በሬ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ። የአንቺ መብራት ይታየኛል። ሄጄ ትንሽ አብሬሽ ልቀመጥ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ‹ተይ፣ ትጸልያለች፣ አትረብሺ› እላለሁ። ሁለት ዓመት፣ እህት ሰብለ። አሥር እርምጃ ነው ከበሬ በርሽ። ሁለታችን ብቻችንን አነጋን።»

ፌስታሏን ተቀብዬ ይዤላት ተሳፈርን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። በራሴ ጊዜ ተመረመርኩ፤ እንደ ቤተል ነኝ። መድኃኒት አለኝ፣ ማታ ስልኬን ከአልጋዬ አርቃለሁ፣ አሁን ብዙውን ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ እተኛለሁ። ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሳጥኔ ዛሬም እንደተዘረከረከ ነው። ታደለች ለዓመት ያህል፣ መብራቴን ባየች ቁጥር ሳታንኳኳ ትገባ ነበር። ባለፈው ዓመት ባሏ ወሰዳቸውና ሞያሌ ገቡ። የፊት ለፊቱ ክፍል ሌላ ተከራይ ይዞታል፤ እሱ በጊዜ ነው የሚተኛው። እትዬ አስካለ ሰላም ይሉኛል፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። መብራቴ በርቶ ቢቆይ አሁን «ሒሳቡ በዛ» ብቻ ነው የሚሉት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከጎረቤታችሁ ሌሊት መብራት ካያችሁ ምን እየሠሩ እንደሆነ አትገምቱላቸው። ሂዱና አንኳኩ። ጸሎት ላይም ቢሆኑ ይቅር ይሏችኋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዲላ በተመለስን ሳምንት ወረቀቶቹን ለየባለቤቶቻቸው እየዞርኩ መለስኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ለመመለስ ግድ ማንበብ ነበረብኝና ቆርቆሮውን ከፍቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ለፈተና፣ ለጤና፣ ለጠፋ ወንድም። ከሥር አንዲት ከደብተር የተቀደደች ቅጠል ነበረች፤ አሥር ጊዜ የታጠፈች ናት። ያቺ አለመጸለዬን በመስኮት ያየች ልጅ፣ ከእናቷ ወረቀት ጋር ደርባ ሰጥታኝ ነው። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ ወራት ሳይከፈት ተቀምጧል።

በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ሰብለ እንቅልፍ እንዲወስዳት።»

ያን አንዱን ለማንም አልመለስኩትም።